«ይመስገን» ብዬ «ግን» ያልኩበት ክረምት

የመጀመሪያው ምልክት በጆሮዬ መጣ። የሕክምና ትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት፣ ማለትም የኢንተርንሺፕ ዓመቴ፣ ገና መጀመሩ ነበር። በሕፃናት ዋርድ የሳንባ ምች ይዟት የተኛች ሕፃን ደረት ላይ ስቴቶስኮፔን አስቀምጬ ሳዳምጥ፣ የሚሰማኝ የእሷ ትንፋሽ ሳይሆን የራሴ የልብ ምት ሆነ። ስቴቶስኮፑን ከጆሮዬ አውጥቼ ጠረግሁት፤ መልሼ አስገባሁት። ያው ነው። የሕፃኗ እናት ፊቴን እያየች «ምነው ዶክተር፣ ባሰባት እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ደህና ናት» አልኳት። ሕፃኗስ በእርግጥ እየተሻላት ነበር።

የሕክምና ተማሪ ሲታመም መጀመሪያ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ራሴን መረመርኩ። የእንቅርት ዕጢዬ ነው አልኩ። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ የለም፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ አለኝ። ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው የዕጢው የደም ምርመራ ታዘዘልኝ፤ ደህና ነው። የልብ ኢሲጂ ተነሣሁ፤ ደህና ነው። የደም ማነስም የለብኝም። አብራኝ የምትኖረው ሀያት፣ ከቆላው ወሎ የመጣች የክፍሌ ልጅ፣ ውጤቶቹን አንድ በአንድ አይታ «አብሽሪ፣ ከዚህ ሆስፒታል ጤነኛዋ አንቺ ብቻ ነሽ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አዘንኩ። ሰው ጤነኛ ነሽ ሲባል ያዝናል? አዝኛለሁ። በሽታ ቢገኝ መድኃኒት ይኖረው ነበር ብዬ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይናፋር ነኝ። ኢንተርን ደግሞ በየጠዋቱ ሞርኒንግ በሚባለው ስብሰባ ላይ፣ በሬዚደንቶችና ኮንሰልታንት በሚባሉት አስተማሪ ሐኪሞች ፊት ቆሞ የሕሙማኑን ታሪክ ያቀርባል፤ ጥያቄም ይዘንብበታል። መጀመሪያ ድምፄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ ቁርስ ተውኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ተራዬ ደርሶ ስቆም ጣቶቼና ከንፈሬ ደነዘዙ። አየር አጠረኝ። የምሞት መሰለኝ። የማቀርብበትን ወረቀት ለሀያት ሰጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እጽፈዋለሁ። አልበላም። አልተኛም። መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ አይገባኝም። ባልነቃ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ደጋግሜ አሰብኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሀያት አየችኝ። ጫማዬን አመጣችልኝ። «ተነሽ፣ አብረን ነው የምንሄደው» አለች።

ሳይካትሪስቱ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«እንዴት ነሽ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እሱማ ይመስገን። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ሀያት ከጎኔ ሳቋን ለመዋጥ ጉንጯን ነከሰች። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያለመንቃቱን ሐሳብ በቀጥታ ሲጠይቁኝም አልደበቅኩም። ሕመሙን በስሙ ጠሩልኝ፦ ፓኒክ ዲስኦርደር፣ ማለትም በድንገት የሚመጣ የድንጋጤ ሕመም፣ ከዲፕረሽን፣ ከድብርት ጋር። ሰርትራሊን የሚባል ክኒን በየጠዋቱ እንድወስድ አዘዙ፤ በየጊዜው ተገናኝተን እንድንነጋገርም ቀጠሩኝ። ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫውን፣ ዊዝድሮዋል የሚባለውን ቅጽ ሞልቼ ቤተሰቤ ዘንድ እንድቆይ መከሩኝ። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሐኪም መሆን እችላለሁ ወይ?

«ስንቱ ሐኪም ከዚህ ወንበር ተነሥቶ ሕሙማን ሊጎበኝ ራውንድ እንደወጣ ብነግርሽ ትደነግጫለሽ። ትችያለሽ። አሁን ግን ታማሚ ነሽ፤ መጀመሪያ እሱን በደንብ ሁኚ።»

አላመንኳቸውም። ወደ ቤተሰቤ፣ ወደ ላሊበላ ስመለስ ነጩን ጋውን ሻንጣው ውስጥ ከሥር አደረግሁት፤ ዳግመኛ የምለብሰው አይመስለኝም ነበር።

አባቴ በቅሎ አከራይ ነው። ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡ ምእመናንንና እንግዶችን ያደርሳል። ከበቅሎዎቹ አንዱ ስሙ ፕሮፌሰር ነው፤ በየመታጠፊያው ቆሞ ስለሚያስብ፣ እኔ ሕክምና የገባሁ ዓመት አባቴ ያወጣለት ስም ነው። ሰፈራችን ውስጥ እኔም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ዶክተር ነኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ በመጣሁ ማግስት ደጃችን ላይ ተቀምጠው «ዶክተርዬ፣ ይችን ጎኔን እስቲ ዳሰስ አርጊልኝ» አሉኝ። ዳሰስኩላቸው። እናቴ ሕመሜን ታውቃለች፤ ሰው «እረፍት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ግን «አዎ፣ እረፍት ላይ ናት» ትላለች። ውሸት አልነበረም።

መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ነበረው፤ ሐኪሜ አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ከአባቴ ኪስ ቆሎ ሰርቄ ስበላ ራሴን አገኘሁት። እንቅልፌም ተመለሰ። ድኛለሁ አልኩ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። በእኛ ከተማ የፍልሰታን ጾም ልጅ ሳይቀር ይጾማል፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃም አይቀመስም። የእኔ ክኒን ደግሞ የጠዋት ነው። መጀመሪያ ከቅዳሴ በኋላ አደረግሁት። ቀጥሎ አንዳንድ ቀን መርሳት መጣ። በመጨረሻ «ጾሙ ሲፈታ እቀጥላለሁ» ብዬ ተውኩት። ይህ መድኃኒት በድንገት እንደማይቋረጥ ፈተና ላይ መልሼ ነጥብ ያገኘሁበት ነው። ቢሆንም በልማድና በፍርሃት መካከል የተማርኩት ሁሉ ዝም አለ።

ዓይኔን ሳዞር በጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍ ይመስለኝ ጀመር። አዞረኝ። እንባዬ ያለ ምክንያት ይፈስ ነበር። የልቤ ድብደባ ተመለሰ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን በመንገዱ ያለው ሰው ሁሉ ደህና ነሽ ይለኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ ሰውዬው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ በየተራ ይጠየቃል። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው። በዚያ መልስ ውስጥ ሰው ክረምቱን ሙሉ ሊደበቅ ይችላል።

አንድ ጠዋት አባቴ ለገዳሙ ዱቄት በፕሮፌሰር ጭኖ ወደ አሸተን ሲወጣ «ነይ፣ አየር ትቀበያለሽ» አለኝ። ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ቆም ብሎ አየኝ።

«ደከመሽ እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ከአፌ እንደወጣ የሐኪሜ ድምፅ ትዝ አለኝ። «ግን…»

አባቴ ዘወር አለ። በቅሎውም ቆመ።

«ግን መድኃኒቴን ትቻለሁ። ለጾሙ ብዬ። እንደገና አሞኛል፣ አባዬ።»

አባቴ ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔም ግን አለኝ» አለ።

«የምን ግን?»

«ጉልበቴ። ከጥምቀት ወዲህ ቁልቁለት ስወርድ ይወጋኛል።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«በየቀኑ እንጠይቅሃለን እኮ!»

«እኔም በየቀኑ አመሰግናለሁ።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ከሆዴ የወጣ የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። ሁለታችን ስንሳቅ ፕሮፌሰር አስቦ ጨርሶ ኖሮ ዱቄቱን እንደተሸከመ ብቻውን ወጣ፤ አባቴ በሚወጋው ጉልበቱ እያነከሰና እየተጣራ ሲከተለው ጎኔን እስኪያመኝ ድረስ ሳቅሁ።

ያን ዕለት ከተራራው ስንመለስ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን። አባቴ ጥያቄውን ስለ እኔ አቀረበልኝ፤ «አባ፣ የታመመ ሰው ክኒን ቢውጥ ጾም ይገድፋል ወይ?» አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ከለከለሽ?»

«ማንም፣ አባ።»

«እንግዲያው የገዘትሽው ራስሽን ነው። በይ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ። ነገ ጠዋት ዋጪ።»

ለሐኪሜ ደወልኩላቸው። በምን መጠን እንደምጀምርና እንዴት ከፍ እንደማደርገው ነገሩኝ፤ ሳይቆጡ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አዲስ ልማድ ገባ። አንዱ እግዚአብሔር ይመስገን ሲል ሌላው «ግን አለ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ሲኖር ግን ይሰማል። እናቴ መጀመሪያ «ምስጋና ላይ ግን መጨመር ደግ አይደለም» ብላ ነበር፤ በኋላ እሷም የበቅሎዎቹ ጋጣ ሽታ መኝታ ቤት ድረስ እንደሚገባና ከሠርጓ ቀን ጀምሮ እንደታገሠችው ተናገረች። አባቴ ጋጣውን አዛወረ። ነገሩን የሰሙት እትዬ ጥሩም አንድ ከሰዓት መጡና በራፉ ላይ ቆመው «እግዚአብሔር ይመስገን። የኔ ግን ብዙ ነው፤ ቁጭ ልበል?» አሉን። እስኪመሽ ሳቅን።

አባቴን ሆስፒታል ወሰድኩት፤ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ፣ የመገጣጠሚያ መበላት ነው ተባለ፣ የጡንቻ እንቅስቃሴም ተሰጠው። መስከረም ጠብቶ ዳገቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን፣ እሱ ጉልበቱን እያሳረፈ ከኋላ ሲመጣ እኔ የፕሮፌሰርን ልጓም ይዤ ከፊት እየሄድኩ፣ ሐኪሜ በስልክ የሰጡኝን ልምምድ አደርግ ነበር፤ ጮክ ብዬ ታማሚ ማቅረብ። «ታማሚው የስልሳ ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ የቀኝ ጉልበት ሕመም አለባቸው…» ስል አባቴ ከኋላ «ሃምሳ ዘጠኝ ነኝ፣ አታስረጂኝ!» ይላል። ፕሮፌሰር ጆሮውን ያራግባል፤ ጥያቄ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። በሰው ፊት የማፍርበት ድምፄ በዚያ ገደል ላይ ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት፤ የሚያሳፍር ድምፅ አልነበረም።

በዓመቱ ተመለስኩ፤ ጋውኑን ከሻንጣው አውጥቼ ተኮስኩት። በመጀመሪያው ሞርኒንግ ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ፤ ድምፄም ወጣ። ኮንሰልታንቷ የማላውቀውን ጠየቁኝ። «አላውቅም፤ አንብቤ እመጣለሁ» አልኩ። «ጥሩ፣ ነገ ትነግሪናለሽ» ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ። ይህን ያህል ነበር። ድንጋጤው ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ መጥቷል፤ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ቁጭ ብዬ አሳልፈዋለሁ። ዓመቱን ጨርሼ ተመረቅሁ። አባቴ በምረቃው ዕለት ለእንግዳው ሁሉ ሲያስተዋውቀኝ «ፕሮፌሰር ያስተማራት ናት» ይል ነበር።

ሀያትን አመሰግናለሁ፤ ጫማ ስላመጣችልኝ። ሐኪሜን፣ ነፍስ አባቴን፣ እናቴንና አባቴን አመሰግናለሁ። ይህን ለምታነቡ የሕክምና ተማሪዎችና ኢንተርኖች የምለው ጥቂት ነው። ራሳችሁን አትመርምሩ፤ ሌላ ሐኪም ይመርምራችሁ። መድኃኒት ከተሰጣችሁ ሳትጠይቁ አታቁሙ፤ በጾምም በፈተናም ሰሞን። ባልነቃ የሚል ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሩ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ዝም ካለ ደግሞ ጫማውን አምጡለት።

የሳይካትሪ ክሊኒኩ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። ማንም እንዳያየኝ ሁልጊዜ በአጥሩ ዞሬ በጭቃው ነበር የምሄደው። ለመጨረሻው ቀጠሮዬ በዋናው ኮሪደር ሄድኩ። አንድ የማውቀው ሬዚደንት አገኘኝና «ወዴት ነው?» አለኝ።

«ሳይካትሪ፤ ቀጠሮ አለኝ።»

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም እኮ ወደዚያው ነኝ» አለ።

አብረን ሄድን። በኮሪደሩ በኩል ደግሞ ይቀርባል።