ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው

ቦንጋ ሳለን ልጄ በመስታወት ገንዳ የውሃ ተክልና ትንንሽ ዓሣዎች ታሳድግ ነበር። ውሎ አድሮ ውሃው አረንጓዴ ሆነና ዓሣዎቹ አልታይ አሉ። ለበቆሎዬ ካስቀመጥኩት ማዳበሪያ ሰርቃ የጨመረችበት መሰለኝ። አልነካሁም አለች፤ የማዳበሪያው ጆንያ ቋጠሮም እኔ እንዳሰርኩት ነበር፤ ያም ሆኖ አላመንኳትም። ስለ ታማኝነት ብዙ መክሬ፣ እውነቱን ካልተናገረች ገንዳውን እንደምደፋው ነገርኳት።

«ትምህርት ቤት ስሄድ የገንዳውን መብራት የሚያበራው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ተክል ብርሃን ይፈልጋል።»

«ሲበዛ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው፣ አባባ። ቡና ጥላ ይወዳል የሚሉን እርስዎ አይደሉ?»

ይቅርታ ጠይቄ መብራቱን ለእሷ ተውኩላት፤ ዓሣዎቹም ቀስ በቀስ መታየት ጀመሩ። የጆንያውን ቋጠሮ ግን ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ፈትሻለሁ።