የፈዬራ በቆሎ

በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. በአምቦ የቅዳሜ ገበያ ደብሪቱ ጨው ገዝታ ልትመለስ ስትል፣ አንድ ገበሬ ከእህል ነጋዴው ከዓብዲሳ ጆንያ በቆሎ በመዳፉ አፍሶ፣ «ፍሬው እንዲህ የወፈረ፣ ዋጋውም የረከሰ! ዘንድሮ የምዘራው ይህንን ነው» ሲል ሰማች።

እግሯ አልሄድ አላት። ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ለመብል ከሆነ ውሰድ፤ ለዘር ግን ተው። ከድቅል በቆሎ የተለቀመ ነው፤ እናቱን አይመስልም» አለችው።

«አዴ ደብሪቱ! ገበያዬን ልትዘጊ ነው የመጣሽው?» አለ ዓብዲሳ። «ጨውሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እንዳይሟሟብሽ!»

«ይሟሟ። የእሱ ልጆች ከሚራቡ ጨዌ ይሟሟ።»

ገበሬው የያዘውን ወደ ጆንያው መለሰ። ይህን የሚጽፈው ሰው በአጋጣሚ አጠገባቸው ቆሞ ነበርና፣ ይህን እንዴት እንዳወቀች ጠየቃት።

ደብሪቱ የጉደር ሰው ናት። ባሏ ፈዬራ በየመኸሩ ከማሳው መካከል የበረታውን በቆሎ ለዘር ይመርጥና፣ ልጣጩን ገልብጦ አንዱን ካንዱ እየቋጠረ ከምድጃው በላይ ይሰቅል ነበር። ጭሱ ነቀዝ ያርቃል። ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ፣ «የተሰቀለው አይነካ» ነው ያላት።

በዓመቱ አንድ ነጋዴ ከመንግሥት እርሻ የተረፈ ድቅል ዘር በርካሽ አመጣ። ገዝታ ዘራች። ጎተራዋ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተንበርክካ አመሰገነች። «እንግዲህ የሱ ዘር ምን ያደርግልኛል?» ብላም የተሰቀለውን አውርዳ ፈጨችው። በምትኩ ባሏ እንዳስተማራት ከድቅሉ ትልልቁን መርጣ ጭስ ላይ ሰቀለች።

በሚቀጥለው ክረምት ማሳዋን ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ግማሹ በቆሎ ሰው ያህላል፣ ግማሹ ጉልበት አይደርስም፤ ሲላጥም ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ነው። ድቅል በየዓመቱ አዲስ ይገዛል እንጂ ከራሱ ዘር እንደማይያዝለት የግብርና ሠራተኛው የነገራት ያን ጊዜ ነው። በየዓመቱ የምትገዛበት ደግሞ የላትም። በሬዋ ተሸጠ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጇ አሰፋሽ ለሰው ቤት ሥራ አዲስ አበባ ሄደች፤ ከሄደች ሁለት ፋሲካ አለፈ።

«ድሃ ዘሩን ይበላል? እኔ በላሁ» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ። «ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሳችን አለች።»

የጠየቃት ሰው በማግስቱ ለሥራ ወደ ሸነን እንደሚሄድ ነገራት።

ደብሪቱ ቀና አለች።

«ሸነን? የፈዬራ እህት ጌጤነሽ እዚያ ናት። ስትዳር ከዚያ ዘር ቋጥሮላት ነበር። እኔ በምን ፊቴ ልሂድ? ጌታዬ፣ ስለ እመብርሃን፣ አንድ ራስ በቆሎ ብቻ ይለምኑልኝ። ዘር አይከለከልም። የወንድሟን ዘር ማን እንዳጠፋው ከጠየቀችዎት ግን አይደብቁልኝ፤ ደብሪቱ በላችው ይበሏት።»