ሄድሊ ኡቲንግ ሽቦውን ያላወጣበት ማሳ

ፊርማ የማሳ በር ይከፍታል ብሎ የሚያስብ ሰው በክረምት ዋልካ ረግጦ አያውቅም። እኔ ሃቨርቶርፕ በምትባል መንደር ውስጥ ካሮት ሳጥብና ድንች ስለቅም ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ያየሁትን ነው የምናገረው።

ባሕሩ ላይ እየተሽከረከሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን የነፋስ ማማዎች ሁሉም ሰው ያደንቃል፣ ፎቶ ያነሳል። ኤሌክትሪኩ ግን በአየር አይበርም። በገመድ ሆኖ ከባሕር ይወጣል፤ ከዚያ ሠላሳ ማይል የገበሬ ማሳ እየሰነጠቀ ያልፋል። ያንን ፎቶ የሚያነሳ የለም።

ሄድሊ ኡቲንግ ገመዱ ሲመጣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሥራው የማሳ ውሃ ማፋሰስ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። መሬታችን ከባድ ነው፣ የጠጣውን ውሃ አይለቅም። ስለዚህ ከየማሳው ሥር የሸክላ ቧንቧ ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ ተቀብሯል፤ ውሃውን ወደ ቦይ ያወርዳል። አንዳንዱ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ካርታ የሚባል የለውም። ሄድሊ ቧንቧ ሲፈልግ ሁለት የታጠፈ ሽቦ በሁለት እጁ ይዞ በዝግታ ይራመዳል። ሽቦዎቹ ሲጠላለፉ ይቆምና በአካፋ ይቆፍራል። ቧንቧው እዚያው ነው። የተማሩት ሲስቁበት፣ «እኔም አላምንበትም፤ ግን ያገኛል» ይላል።

ገመዱን የሚቀብረው ኩባንያ መጀመሪያ የላከው ከረባት ያሰረ ሰው ነበር። ገበሬዋ ግዌን ላርተር የማሳዋ በር ላይ አቁማው ስታዳምጠው፣ «ባይስማሙም በሕግ አስገድደን መግባት እንችላለን» አላት። ግዌን ሄዳ ሰንሰለት አመጣችና በሩን ቆለፈች። ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ስምንት ገበሬዎችም ዓይናቸው እሷ ላይ ነበርና የየራሳቸውን በር ቆለፉ። አንዲት ቃል ዘጠኝ በር ዘጋች። ይህን በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስተምሩት አላውቅም፤ እንደማያስተምሩት ግን አውቃለሁ።

ቀጥሎ ከኩባንያው ኢሞጀን የምትባል ወጣት መጣች። አራት ጊዜ ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን ጫማዋ ውሃ ገብቶበት፣ «ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻላል ይላሉ?» ብላ ጠየቀች። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ሄድሊን ቅጠሩት» አለቻት ግዌን። «የለም ባለበት ቆፍሩ፤ አለ ባለበት ተጠንቀቁ። እሱ ካለ እኔ በሬን እከፍታለሁ።»

ተቀጠረ። በሮቹ ተከፈቱ። ሄድሊ ከቆፋሪዎቹ ቀድሞ ሃያ ሰባት ማሳ በሽቦ ዞረ፤ አንድም አልሳተም። ሃያ ስምንተኛው የግዌን ማሳ ነበር፤ በኦክ ዛፍ ስም የኦኩ ማሳ የሚባለው። እዚያ ሲደርስ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ሽቦዎቹስ?» አለው የቆፋሪዎቹ ፎርማን።

«መኪና ውስጥ ናቸው። እዚህ ምን ያደርጉልኛል? ይህንን ከአባቴ ጋር የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ። ዋናው ቧንቧ በሰሜኑ ዳር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እናንተ በመሃል ነው የምታልፉት፤ አትነኩትም።»

ቆፈሩ፣ ገመዱን ቀበሩ። የታችኛውን አፈር ከታች፣ የላይኛውን ከላይ አድርገው መለሱ። ግዌን ስንዴ ዘራችበት።

በታኅሣሥ ማሳው ውሃ ተኛበት። የባሕር ወፎች መጥተው በቡቃያው ላይ ዋኙ። ኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ፤ የዘንድሮው ዝናብ ከተለመደው በላይ ነው አለ። ሰማይ ጠበቃ የለውም፤ ምን ይበል? ግዌን ሰንሰለቷን መለሰች። ኩባንያው ደግሞ ሁለተኛ ገመድ በጸደይ ሊያሳልፍ ነበር። ስምንቱም እንደገና ወደ እሷ ማየት ጀመሩ።

ሄድሊ ማንም ሳይጠራው አንድ ጠዋት ሽቦዎቹን ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። በሰሜኑ ዳር በኩል ሽቦዎቹ እስከ ግማሽ መንገድ ተጠላልፈው ቆዩ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ወደ ውስጥ ሲዞር እንደገና ተጠላለፉ። እየተከተላቸው ሄዶ ገመዱ የተቀበረበት መስመር ላይ ደረሰ። ቆፈረ። የተሰበረ ሸክላ አገኘ።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ዳሩ ላይ ትልቅ ኦክ ነበር። አባቱ ሥሩን ለመሸሽ ቧንቧውን አጥፎ ወደ መሃል ወሰደው። ዛፉ ከተቆረጠ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሄድሊ ያስታወሰው ዛፍ የሌለውን ማሳ ነው። የኦኩ ማሳ እያለ ሲጠራው ኖሮ ኦኩ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ለኢሞጀን ደውሎ ነገራት።

«አቶ ኡቲንግ» አለችው፣ «እባክዎ እስከ ሰኞ ለማንም አይናገሩ። ጠበቆቹ ቃሉን ያስተካክሉታል።»

«መስተካከል ያለበት ቧንቧው ነው፣ የኔ ልጅ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ግዌንን ዕቃ ቤቷ ደጃፍ ቆማ አገኛት። በልጅነታቸው አብረው ተምረዋል።

«ጭቃህን አራግፈህ ግባ» አለችው።

«አልገባም። መጀመሪያ የምነግርሽን ስሚ።»

«ጀመረህ ደግሞ። ማን ሞተ?»

የግቢውን በር ተደግፎ የሸክላውን ስባሪ ከኪሱ አውጥቶ አጥሩ ላይ አስቀመጠው። «ዝናቡ አይደለም። ቆፋሪዎቹ ልጆችም አይደሉም። እኔ ነኝ። ሽቦዬን መኪና ውስጥ ትቼ በአፌ ነው የመራኋቸው። ኦኩን ረሳሁት።»

ግዌን ስባሪውን አገላብጣ አየችው።

«የተደገፍክበትን በር ታያለህ?» አለችው። «ከዚያ ኦክ ነው የተሠራው። አባቴ ነው የሠራው። ሃምሳ ዓመት ስትደገፈው ኖረሃል።»

ሄድሊ ቀና ብሎ ቆመ።

«ሦስት ሄክታር ስንዴ ነው ያሰመጥከው፣ አንተ ሰውዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ሰው ምን የሚልህ ይመስልሃል?»

«ሄድሊ አረጀ ይላል።»

«እሱንማ ድሮም ይላሉ። ሌሎቹስ? ከኩባንያው አፍ ይስሙት?»

«ከኔ ነው የሚሰሙት። ዛሬ።»

በዚያው ዝናብ ስምንቱንም በር ዞረ። አንዱ ሳቀበት፣ አንዱ ሻይ ሰጠው። ሲሪል ጉች ደግሞ ነገሩን ሳይጨርስ በሩን ዘጋበት፤ እስከ ዛሬም አልከፈተም፤ ሁለተኛው ገመድ የእሱን መሬት ዞሮ ነው ያለፈው። እኔ ሲሪልን አልወቅሰውም። የቀሩት ሰባቱ ግን ግዌን ምን እንደምትል ጠበቁ።

ቧንቧው በመጋቢት ተጠገነ፤ ሄድሊ ራሱ ቦዩ ውስጥ ተንበርክኮ ገጠመው። ስንዴው አልዳነም። ኩባንያው ዝናቡን የወቀሰበትን ደብዳቤ አልሻረም፤ ዝናቡን ይቅርታ የጠየቀውም የለም።

ግዌን የሁለተኛውን ገመድ ውል አርባ ገጽ ሙሉ አነበበችው። ምንም አልሰረዘችም። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ግን በእጇ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ቧንቧ የሚፈልገው ሄድሊ ኡቲንግ ይሆናል፤ አውቀዋለሁ በሚለው ማሳ ላይም ሽቦውን ያወጣል።»

ጠበቆቹ ይህ ምን ማለት ነው ብለው ኢሞጀንን ጠየቋት። እንዳለ ተዉት አለቻቸው። ግዌን ፈረመች፤ ወጥታም ሰንሰለቱን ፈታች።