የውሸት መስኮት

ትናንት ሶዌቶ ውስጥ አንድ ሰው የሱቁን ቆርቆሮ ሲቀባ አየሁ። የቀለሙ ሽታ አባቴን አስታወሰኝ።

የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ዓመት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የቀድሞ ታንከኛ ነበር፤ እዚሁ ሶዌቶ የኮንቴይነር ሱቅ ነበረው። ዘራፊዎች ጎረቤታችንን ባለሱቅ በመሸጫው መስኮት ተኩሰው ሲገድሉት፣ አባቴ ሱቁን አረንጓዴና ቡናማ፣ ዥንጉርጉር አድርጎ ቀባው። ከእውነተኛዋ መስኮት ራቅ አድርጎም በጥቁር ቀለም ሌላ መስኮት ሣለ።

«አባዬ፣ ይቺ ለምንድን ናት?» አልኩት።

«የፈረንሳይ የመጀመሪያዎቹ ታንኮች የውሸት መመልከቻ ቀዳዳ ይሣልባቸው ነበር፣ ልጄ። ጠላት እውነተኛው መስሎት እዚያ ላይ ይተኩሳል፤ ውስጥ ያለው ሰው ይተርፋል። ገባሽ?»

አንድ ማለዳ እውነትም ዘራፊዎች ሁለት ጊዜ ተኮሱ። ሁለቱም ጥይቶች የተሣለችውን መስኮት በሷት። እኔ ሱቁ ውስጥ ወለሉ ላይ ከአባቴ አጠገብ ተኝቼ ነበር። አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም አልቆም አለ።

በሳምንቱ ሆስፒታል ገባ። ጠያቂ ስለማይፈቀድ እኔና እናቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ፎቁን አየን። የሱ መስኮት የትኛው እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ለሁሉም መስኮቶች አውለበለበች።

በማግስቱ ሞተ። አይቶን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።