ሰባት ጫፍ ወይስ ስድስት?

አጎቴ ጠዋት ጠዋት፣ ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት፣ የማጉያ መነጽራቸውን ሁለቴ እፍ ይሉበትና በፒጃማቸው ጫፍ ይወለውሉታል። ከዚያ ጥጥ ላይ የተኛውን የብር ሳንቲም ጎንበስ ብለው ያዩታል። አይነኩትም፤ ሌላ ሰውም አያስነኩም። ሰዓት ሠሪ ስለነበሩ እጃቸው ዘይት አለው ብለው ያምናሉ። ጡረታ ከወጡ ግን ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ሳንቲሙ ላይ የአንድ የውጭ ንጉሥ መልክ አለ። ንጉሡ አንገቱ ላይ ከምስር የማትበልጥ ኮከብ ተመትታበታለች። ድሮ ገንዘብ ያጠረው መንግሥት የሰው አገር ሳንቲም ላይ ማኅተሙን እየመታ የራሱ ያደርገው ነበር።

የአጎቴ ምኞት አንድ ነው፤ ይህ ሳንቲም በከተማው ቤተ መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ላይ፣ ስማቸው ከሥሩ ተጽፎ፣ መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ማየት። ያንን የሚወስነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጓሮ የሚሰበሰበው የሳንቲም ወዳጆች ማኅበር ነው። አባላቱ ዘጠኝ ናቸው፤ ሰባቱ የቀድሞ ሊቀ መንበር ናቸው። እንቅፋቱ ከአባላቱ አንዱ የሆነ ጥርስ ሐኪም ነው።

«ጋሼ፣ እውነተኛው ኮከብ ጫፉ ሰባት ነው። የእርስዎ ስድስት ነው፤ ማኅተሙ ሐሰተኛ ነው» ይላል።

«ሰባት ነው!»

«ሰባተኛው መነጽርዎ ላይ ያለው ጭረት ነው።»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ስታይ ኖረህ፣ ኮከብ የት ታውቃለህ?»

አራት ዓመት እንዲህ ተባባሉ። ማኅበሩም «ሰባቶች» እና «ስድስቶች» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰላምታ ቀረ።

የውሳኔው ቅዳሜ አጎቴ ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡና ቆሙ።

«ማኅተሙ እውነተኛ ነው» አሉ። «ሳንቲሙ ግን ሐሰተኛ ነው። ብር የተቀባ ቆርቆሮ። በረጅም ጥናት ደርሼበታለሁ።»

ሰባቶችም ስድስቶችም ወንበራቸውን አስጠጉ፤ አጎቴ ቀጠሉ።

«የዚያን ዘመን ሹማምንት ተሸውደው ነው ማኅተም የመቱበት። እንዲህ ያለ ሌላ የምታውቁ አላችሁ?»

የሚያውቅ የለም። እንግዲያው ብርቅ ነው ተባለ፤ በሙሉ ድምፅ መስታወት ውስጥ እንዲገባ ተወሰነ። ጥርስ ሐኪሙም እጁን አወጣ፤ «ሐሰተኛ ነው ብዬ የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የኔም ስም ይጻፍ» ብሎ። ተጻፈለት።

ይህን ታሪክ ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው አጎቴ ደስ አላቸው። «የኔ ልጅ፣ ሁሉንም ጻፊው፤ የተሰዳደብነውንም ጭምር። አንዲቷን ነገር ብቻ ተያት፣ አደራ» አሉኝ።

አንዲቷ ነገር ይህች ናት፦ ከውሳኔው በፊት ዓርብ ዕለት ሚስታቸው ጠረጴዛውን ሲወለውሉ ሳንቲሙ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና በማቃጨል ፈንታ ዱብ አለ። አንስተው አገላበጡትና፣ «አንተ፣ ብር እንዲህ ነው እንዴ የሚጮኸው?» አሏቸው።