ቅቤ የጠጣው ሸክላ

በደባርቅ ብርድ ሊጥ ኩፍ አይልም የሚል ሰው የእኔን ዳቦ ያልበላ ነው። እህቴ የሰጠችኝን የሸክላ መጋገሪያ በየጊዜው ቅቤ እየቀባሁ ስላሟሸሁት፣ ጠቁሮ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ዳቦው ሳይዘው ዱብ ይላል።

ታዲያ ሁዳዴ ገብቶ፣ የንስሐ አባታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ሊባርኩ እንደሚመጡ ባለቤቴ ነገረኝ። ቅዳሜ ማታ ሊጡን አቡክቼ ሸክላውን ሳነሣ ክው አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠጣው ቅቤ! አባን በገዛ ቤቴ ላስገድፋቸው ነው? ፈሳሽ ሳሙና ሳልሰስት ገለበጥኩበትና በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት ፈትጌ ፈትጌ ሲነጣልኝ ደስ ብሎኝ ጋገርኩበት።

አባ ባርከው ቆረሱ። አንዴ ጎረሱና ማኘካቸውን አቆሙ። ባለቤቴም ጎርሶ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ስቀምሰው የሳሙናው የጽጌረዳ ሽታ በአፍንጫዬ ወጣ። ለካ ሸክላ ቅቤ ብቻ አይደለም የሚጠጣው!

«ልጄ፣ ይህ ዳቦ ምን ገባበት?» አሉ አባ ቀስ ብለው።

እየተንተባተብኩ የቅቤውንም የሳሙናውንም ነገር ተናዘዝኩ። አባ ውኃ አስቀድተው ጠጡ፤ ደግመው አስቀዱ።

«አላስገደፍሽኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

እፎይ ልል ስል ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ንስሐሽ ግን ይኸው ነው። የተረፈውን ብቻሽን ትጨርሽዋለሽ።»

«አሜን!» አለ ባለቤቴ።