ከመድኃኒቱ በፊት የተነሣው ምስል

አክስቴ የሰው ሞት ከመመርመሪያው ክፍል መስታወት ወዲያ ተጋድሞ እያየችው፣ በድምፅ ማጉያው «ትንፋሽ ይሳቡ፤ ይያዙ» ስትል ድምፅዋ የማይንቀጠቀጠው እንዴት ነው? ብዙ አስቤበታለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም። ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ሲወድቅ ከሁላችን በፊት የምትደነግጠው እሷ ናት።

ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ሲቲ ስካን ስታነሣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ነርሶቹ «ትንፋሽ ያዥ» ይሏታል።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንድ አናጺ በተሽከርካሪ አልጋ አመጡላት። በር ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ ደረቱ ውስጥ እንደ ጨርቅ የተቀደደ ነገር ተሰማው፤ ሕመሙ ወዲያው ወደ ጀርባው ዞረ። ሚስቱ ጫማውን ታቅፋ ከኋላው ትከተላለች። ተረኛው ዶክተር ልጅ እግር ነው። ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታው፣ እንዳይሆን ፈርቷል።

አክስቴ አንድ ግትር ልማድ አላት። ምስል የሚያጎላውን መድኃኒት በደም ሥር ከመስጠቷ በፊት፣ ያለ መድኃኒት አንድ ጊዜ ታነሣለች።

«እትዬ፣ ጊዜ የለንም። መድኃኒቱን ይስጡትና እንጨርስ።»

«ሁለት ደቂቃ ናት፣ ዶክተርዬ።»

«ሁለት ደቂቃም ደቂቃ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ይኼ ከፈሰሰ ግን አይለቀምም።»

በሩ ክፍት ነበርና አናጺው ሰማ። «የምፈሰው እኔ ነኝ?» አለ። ማንም አልሳቀም።

መጀመሪያ ያለ መድኃኒት፣ ቀጥሎ በመድኃኒት አነሣችው። ዶክተሩ ሁለተኛውን ብቻ አየ። ደሙ የሚሄድበት መንገድ ጥርት ብሎ ሞልቷል፤ የተቀደደ ነገር የለም።

«እሰይ! ጡንቻ ነው የተሳበው። ማስታገሻ ወስደው ቤትዎ ይሂዱ።»

ሚስትየው «ተመስገን» ብላ ጫማውን ልታጠልቅለት አጎነበሰች።

አክስቴ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ወጣች። «ጫማውን ተዪው፣ እህቴ። እንዳይነሣ።»

«ምስል ማንበብ የማን ሥራ ነው?» አለ ዶክተሩ፤ ጆሮው ቀልቷል።

«የእኔ አይደለም። የሚያነበው ሰው ሳያየው ግን ከዚህ አልጋ አይወርድም።»

ምስል አንባቢው ሐኪም የዕረፍት ቀኑ ነበር። ምስሎቹን በኢንተርኔት ልካ ቤቱ ደወለችለት። «መድኃኒት ያልገባበትን ይዩልኝ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አናጺው ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ የደም ግፊት መለኪያው በየጊዜው ክንዱን እየጨመቀ ይለቃል። ሚስትየው አንዴ አክስቴን፣ አንዴ ዶክተሩን ታያለች፤ ማንን ማመን እንዳለባት የሚነግራት የለም።

አክስቴ የመጀመሪያውን ምስል ለዶክተሩ አሳየችው። በቧንቧው ግድግዳ ላይ ቀጭን ነጭ ማጭድ የመሰለ ነገር ተጋድሟል። «ደሙ ግድግዳው ውስጥ ሰርጓል። መድኃኒቱ እዚያ አይገባም፤ ይልቁንስ በድምቀቱ ይሸፍነዋል።»

ይኼኔ ምስል አንባቢው በስልኩ ተናገረ። «ግድግዳው ውስጥ ደም አለ፤ ያውም ከልቡ አጠገብ። ቀዶ ሕክምና፣ አሁኑኑ!»

አልጋውን እየገፋ የሮጠው ራሱ ዶክተሩ ነው።

አክስቴ ማታ ቤት ስትገባ እጇን እንኳ አልታጠበችም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ታዲያ ለቀዶ ሕክምናው ደረሰ አይደል?» አልኳት።

«ቢላው ሳይነካው ሊፈነዳ ይችላል። ከተሰፋም በኋላ ላይነቃ ይችላል።»

«አንቺ የምትችዪውን አድርገሻል።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች።

ስልኩ የጮኸው በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ መስኮቱን ካለፈች በኋላ ነው። ልጅ እግሩ ዶክተር ነበር።

«እትዬ፣ ነቃ! እጁንም እግሩንም አንቀሳቀሰ። አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፤ ሚስቱን ግን በዓይኑ ተቆጣት።»

«ተቆጣት? ምን አድርጋው?»

«አልቅሳ።»

«እንግዲያው አእምሮውም ደህና ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከነልብሷ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።